በኤንትሬ የተጫነ እምነት

መሪ ከጨበጥኩ ጀምሮ ያልጫንኩት ነገር የለም። ጨው ጭኛለሁ፣ ሙሽራ ጭኛለሁ፣ ዘማች ጭኛለሁ። አንድ ጊዜ ከነገሌ ሕይወት ያለው አንበሳ ጭኜ አዋሳ አግብቻለሁ፤ መንገዱን ሁሉ እኔን ፈርቶ ሲንቀጠቀጥ ነው የመጣው፤ ያላመነ ነገሌ ወርዶ ይጠይቅ። እምነት የጫንኩት ግን በዕድሜዬ አንድ ዓመት ብቻ ነው። በአካፋ እየዛቅን፣ በሸራ ሸፍነን፣ በዚያች የጣሊያን ሥሪት በሆነች አሮጌ የጭነት መኪና፣ በኤንትሬ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከትልቁ ድርቅ በኋላ አገሩ በሙሉ ዛፍ ትከል የተባለበት ጊዜ። እኔ አዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር በነበረ አንድ የችግኝ ጣቢያ ሾፌር ነበርኩ። ሾፌር ይበሉኝ እንጂ ጣቢያው የቆመው በእኔ ላይ ነው። ውኃ ከሐይቁ የሚያመጣ ባዬ፣ ፍግ ከቱላ የሚያመጣ ባዬ፣ ሠራተኛው ሲያኮርፍ የሚያስቅ ባዬ። በዚያ ዘመን ሲዳሞ ውስጥ ከበቀለው ዛፍ በእኔ መኪና ያልተጫነ ካለ በራሱ የበቀለ ነው።

የችግኙ ባለሙያ ዳንጊሶ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁን የሚሰስት የሲዳማ ልጅ። ጴንጤ ነው። ጴንጤ መሆን ደግሞ ያን ጊዜ ቀልድ አይደለም፤ ጸሎት ቤቶቻቸው ተዘግተዋል፣ እሱም ቤቱ ከአራት አምስት ሰው ጋር ሲጸልይ ተይዞ ስምንት ወር ታስሯል። ሲለቁት፣ «ሁለተኛ ስምህ ከተነሣ በዚህ በር አትወጣም» ብለውታል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። ስለዚህ ዳንጊሶ መሬት መሬት እያየ፣ ከሰው አፍ እየሸሸ ይኖር ነበር፤ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የሚለምነው፣ ስሙ እንዳይነሣ።

ስሙን ያስነሣበት ግን ዛፍ ነው።

ያን ዓመት ፓቱላ የሚባል፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሆነ የፈረንጅ ዛፍ አፍሉ ተባልን። ባሕር ዛፉ፣ ግራሩ፣ ጽዱ ሁሉ ደህና ሲያድግ ፓቱላዎቹ ጣት አክለው ቆሙ። ከዚያ ከጫፋቸው ጀምሮ ቢጫ ሆኑ። ሚሊዮን ነበሩ። እሺ፣ ሚሊዮን ባይሆኑም ዓይን የሚያደክሙ ነበሩ። ወሬው ጓድ አምሳሉ ጆሮ ደረሰ። ጓድ አምሳሉ የጣቢያው ካድሬ ነው፤ ሱሪው እንደ ቢላ የተተኮሰ፣ ቀልድ የማይገባው ሰው።

«የታመመው የትኛው ነው?» አለ እየተንጎራደደ።

«ሦስተኛውና አራተኛው መደብ ነው፣ ጓድ» አለ ዳንጊሶ።

«መደብ ስትል ቃልህን መርጠህ!»

ዳንጊሶ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ገባሁበት። «ጓድ አምሳሉ፣ እዚህ መደብ የሚባለው ችግኝ የተደረደረበት መሬት ነው። የላብ አደሩ መደብ ጤነኛ ነው፤ እኔን አይተው ይፍረዱ!» ብዬ ደረቴን መታሁ። ሠራተኛው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«የተከላው ቀን ከላይ እንግዶች ይመጣሉ» አለ ዳንጊሶን ብቻ እያየ። «ያን ቀን ይኼ ቢጫ ሆኖ ከጠበቃቸው በሽታ ነው ብዬ አላስረዳላችሁም። ስሙ የታወቀ ነው። የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል። ያንተ ነገር ደግሞ ድሮም ተጽፎ ተቀምጧል።»

እሱ ሲሄድ ዳንጊሶ አንድ ችግኝ ከፕላስቲኩ አወጣና ሥሩን አራግፎ አሳየኝ። ንጹሕ፣ ራቁቱን የሆነ ሥር።

«ማዳበሪያ እንጨምርለታ» አልኩት። እኔ ማዳበሪያ ጨምሬለት ያልተነሣ ተክል የለም፤ አንድ ጊዜ የአጥር እንጨት አብቅዬ አውቃለሁ።

«ምግቡማ አለ፣ ጋሽ ባዬ። የሚለቅምለት ነው ያጣው።»

«ሥሩስ?»

«ሥር ሁሉ አንድ አይደለም። ሥሩ ቀጭን የሆነ ዛፍ አለ፤ እሱ ራሱ ዞሮ ይለቅማል። ፍግ የወደቀበት ቦታ ካገኘ እዚያች ጋ ሥሩን ያበዛል፣ ከሌለ ጥሎ ያልፋል። ልክ እንደ ዶሮ። የፓቱላ ሥር ግን ወፍራም ነው፤ ጠባብ ቀዳዳ አይገባም። ስለዚህ ተላላኪ ይይዛል። ፈንገስ።»

«ሻጋታ ማለትህ ነው?»

«የሻጋታ ዘመድ። ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ነው። ሥሩን እንደ ካልሲ ይለብሰዋል፣ ከዚያ አፈሩን ሰንጥቆ ይሄዳል። ሥሩ የማይደርስበት ገብቶ የአፈሩን ፎስፈረስ፣ ውኃውን፣ ሌላውንም ይዞለት ይመጣል። ዛፉም ከቅጠሉ ስኳር ይከፍለዋል። የፈረንጅ ዛፍ ስለሆነ ተላላኪው በእኛ አፈር የለም። ዘሩን ብቻ አምጥተን ዘመዱን ትተነዋል።»

«የት ይገኛል?»

ወደ አጥሩ ተመለከተ። ከዚያ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ፣ «ሚሲዮኑ ግቢ» አለኝ።

ከቱላ አለፍ ብሎ የተዘጋ ሚሲዮን ነበር። ፈረንጆቹ ከሄዱ በኋላ ጸሎት ቤቱ የእህል መጋዘን ሆኗል። ግቢው ውስጥ ፈረንጆቹ ከነአፈራቸው አምጥተው የተከሏቸው የድሮ ፓቱላዎች አሉ፤ ዳንጊሶ ልጅ ሆኖ የተማረው እዚያ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ከዛፎቹ ሥር እንጉዳይ እንደሚፈላ ያውቃል። ያ እንጉዳይ የክሩ ፍሬ ነው አለኝ። ግን እሱ በዚያ በር ሲገባ ከታየ ስሙ ተነሣ ማለት ነው።

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ተፈጠርኩ?» አልኩት።

በሩን የሚጠብቀው ሙህዲን የሚባል ሽማግሌ ነው። በማለዳ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርጄ፣ አባ ኮዳ ከሚባሉት አሞራዎች ጋር ተጋፍቼ፣ ክንዴን የሚያክል ቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። ክንዴን ነው ያልኩት።

«አፈር ብቻ?» አለ ሙህዲን ዓሣውን በጅራቱ ይዞ። «እህሉን የማትነኩ ከሆነ አፈሩን ከነጉንዳኑ ውሰዱት። ባዬ፣ ለአፈር ዓሣ የሚሰጥ ሰው ካንተ በቀር አላየሁም።»

ዳንጊሶ ከሸራው ሥር ተኝቶ ነው የገባው። ከወረደ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነ። በጉልበቱ ተንበርክኮ የደረቀውን መርፌ ቅጠል በእጁ ገለጠ፤ ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁር፣ እርጥብ፣ እንደ ጥሩ እርሾ የሚሸት ነበር። በዚያ ጥቁር ውስጥ ነጭ ክር ተሰራጭቷል። ጨበጥ አድርጎ አሳየኝ። የሥሩ ጫፍ ሁሉ እንደ ሹካ ጥርስ ተከፍሎ ነጭ ለብሷል።

«በዚህ ጭብጥ ውስጥ ያለው ክር ቢዘረጋ ከአዋሳ ሞያሌ ይደርሳል?» አልኩት።

«እዚያስ አይደርስም» አለ ፈገግ ብሎ። «ግን ከዚህ በር ያልፋል።»

አካፋውን ያዝን፤ ኤንትሬዋን ሞላናት። ያን ቀን የጫንኩት አፈር ተራራ ነው፤ ዛሬም ድረስ ሚሲዮኑ ግቢ ጉድጓድ ከታየ የእኔ ነው።

ጣቢያው ስንመለስ ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ አንድ ጭብጥ መስጠት ተጀመረ። እትዬ ከበቡሽ የምትባል የመንዝ ሴት የሠራተኞቹ አለቃ ነበረች፤ አንገቷ ላይ ማተቡ እንደ መርከብ ገመድ የወፈረ፣ ከማንም ካድሬ ፊት ያላወለቀችው።

«ምንድን ነው ይኼ ጥቁር አፈር?» አለች።

«ማይኮራይዛ ይባላል፣ እትዬ» አለ ዳንጊሶ።

«ማይኮ ምን?»

«ራይዛ።»

«ከራያ ነው እንዴ የመጣው? ይኼን ያህል መንገድ?» ሁላችን ሳቅን። እሷ አፈሩን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ዳንጊሶ ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በሲዳምኛ እየቆጠረ፣ በየችግኙ ራስ ጭብጥ ጭብጥ ሲያደርግ አየችው። «እህ!» አለች። «እንግዲህ ገባኝ። እምነት ነው በሉኛ!»

መቼም በቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የሚቀባው አፈር እምነት እንደሚባል ለማን ይነገራል። ለከበቡሽ ነገሩ ግልጽ ነበር። በሽተኛ አለ፣ አፈር አለ፣ የሚያሽ ሰው አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ስም ጠፋ።

«እትዬ፣ እባክዎ አፈር ይበሉት» አላት ዳንጊሶ።

«አፈርማ ይኼ ሁሉ የምንረግጠው ነው፤ ልጄ፣ የሚፈውሰውንና የማይፈውሰውን በአንድ ስም አልጠራም።»

ጣቢያው በሙሉ ያዘው። «እምነት አቀብይኝ!» «እምነት አልቋል፣ ባዬን ላኩት!» ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ «እምነት ያልደረሰው መደብ የትኛው ነው?» እየተባለ በግቢው ከዳር እስከ ዳር ይጮኻል። ዳንጊሶ በሰማ ቁጥር ወደ አጥሩ ይመለከታል።

ችግኞቹ ግን ተነሡ። መጀመሪያ የቢጫው ጫፍ ቆመ፤ ከዚያ ከመሐል አረንጓዴ ወጣ፤ ከዚያ እንደ ተቆጣ ሰው ጠጉር ቀጥ ቀጥ አሉ። ዳንጊሶ አንዱን አውጥቶ ሥሩን አየና ነጭ ካልሲውን ሳመው። ለሚስቱ ዓሣ ይዞ ሄደ። ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ፤ ዳንጊሶ ሲያፏጭ!

ቃሉ ከጣቢያው እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም። አሞራ ገደል ለዓሣ ነጋዴ ሁሉ አውርተሃል የሚሉኝ አሉ። እኔ የነገርኩት ለጥቂት ሰው ነው፤ እሱንም ቀንሼ።

በሳምንቱ የውይይት ክበብ ቀን መሣሪያ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ጓድ አምሳሉ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ይዞ መጣ። እነሱ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ጓዶች» አለ፣ «በዚህ ጣቢያ፣ ከተዘጋ ሚሲዮን ግቢ፣ በመንግሥት መኪና እምነት እየተጫነ እንደሚገባና ለሠራተኛው እንደሚታደል ደርሶናል።»

«ኧረ ለሠራተኛው አይደለም፣ ጌታዬ!» ብላ ከበቡሽ ብድግ አለች። «ለችግኙ ነው!»

«ጌታ ድሮ ቀርቷል!»

«ውይ፣ አፌ ነው ጌታዬ» ብላ አማተበች፤ ይኼኔ ከበሩ አጠገብ አንደኛው ሰውዬ ጻፈ።

እኔ ተነሣሁ። የተናገርኩት ንግግር በሬዲዮ ቢተላለፍ አገር ያስለቅስ ነበር። እምነት ማለት አፈር መሆኑን፣ አፈር ማለት አገር መሆኑን፣ አገር ማለት አብዮቱ መሆኑን አስረድቼ ስጨርስ ሠራተኛው አጨበጨበ።

አምሳሉ ጭብጨባው እስኪያበቃ ጠበቀ። «አፈር ከሆነ ለምን አፈር አላላችሁትም?»

ያጨበጨበልኝን ሠራተኛ አየሁና ተቀመጥኩ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለ አምሳሉ፤ እውነቱን ነው የሚመስለኝ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። «ችግኙ ለምልሟል። እንግዶቹ ይመጣሉ፣ ሁላችንም እንመሰገናለን። ይኼ ቃል ግን በዚህ ቤት ተንጠልጥሎ ሊቀር አይችልም። ዳንጊሶ ይነሣና አንዲት ነገር ተናግሮ ይቀመጥ፤ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።»

ዳንጊሶ ተነሣ። «ምን ልበል?»

«ችግኙ ለማደግ እምነት አያስፈልገውም በል።»

«አፈሩ ያስፈልገዋል፣ ጓድ። ሥሩ ለብቻው…»

«ስለ ሥር አልጠየቅኩህም። እምነት አያስፈልግም በል። ሁለት ቃል ናት።»

ከበሩ አጠገብ ያሉት ሰዎች ቀና አሉ። እኔ የዳንጊሶን ኮት ጫፍ ጎተት አደረግሁ። «በላታ!» አልኩት በሹክሹክታ። «ቃል ናት፤ በአፍ መጥታ በአፍ ትሄዳለች! እኔ ቁርሴን ሳልበላ ከዚህ የባሰ ስንቱን እላለሁ! ሚስትህን አስብ!»

ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሽ ባዬ» አለኝ፣ «አንድ ጊዜ ብያታለሁ። በስምንተኛው ወር ይኼንኑ ቃል በል አሉኝ፤ አልኩና ለቀቁኝ። ስወጣ እንደዚያ ቢጫ ችግኝ ነበርኩ።»

ከዚያ ቀና አለ። ድምፁ ያው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ግን ሁሉ ሰማው። «ፓቱላ ያለ እሱ አይበቅልም። ይበቅላል ካልኩ ሙያዬን እዋሻለሁ። ቃሉን ደግሞ ሌላ ቦታ አውቀዋለሁ፤ እዚያም እዋሻለሁ። አልልም።»

ግርግር አልነበረም። ስብሰባው አለቀ፣ ሁለቱ ሰዎች ዳንጊሶ የመሣሪያ ቤቱን እስኪቆልፍ ጠበቁት። ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። «ውኃ አታብዙባቸው፣ ጋሽ ባዬ» አለ። «ክሩ ይታፈናል።» በመካከላቸው ሆኖ ወደ መንገዱ ሄደ። ጋሪ ነጂዎች ቆመው ያዩ ነበር። ከበቡሽ፣ «እኔ ነኝ ስሙን ያወጣሁት፣ እኔን ውሰዱኝ!» እያለች እስከ አስፋልቱ ተከተለቻቸው፤ አሮጊት ናት ብለው ሳቁባት።

የጓድ አምሳሉ ሪፖርት ወደ ላይ ሄደ፤ ከላይ ትእዛዝ ወረደ። እምነት አያስፈልግም ተብሎ ከተጻፈ፣ እምነት ያለበት አፈር በመንግሥት ችግኝ ላይ ምን ይሠራል? ከሚሲዮን የመጣው አፈር በሙሉ ይወገድ፣ ችግኙ በንጹሕ አፈር ይተከል ተባለ። የማጠቢያውን ውኃ ከሐይቁ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ መኪና አልነበረም። ሴቶቹ ችግኞቹን አንድ በአንድ ከፕላስቲክ እያወጡ ሥሩን በበርሜል ውስጥ አጠቡት። ከበቡሽ፣ የሞተ ሰው የምታጥብ ይመስል፣ አንገቷን ደፍታ ነበር የምታጥበው። ያ ነጭ ክር እየተላቀቀ በበርሜሉ ላይ እንደ ምራቅ ተንሳፈፈ። እንደ ሐይቅ የሰፋ ነጭ… አይ፣ በርሜል ሙሉ ነበር። በርሜል ሙሉ ይበቃል።

ጓድ አምሳሉ ቆሞ ሲያይ ቆየና አጠገቤ መጣ። «ባዬ» አለኝ፤ ያለ ጓድ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። «ይሞታሉ እንዴ?»

«ምን ሲሆኑ?» አልኩት። «አያስፈልጋቸውም ተብሎ ተጽፎላቸዋል።»

ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በተከላው ቀን እንግዶቹ መጡ። ባንዲራ ተሰቀለ፤ ማርሽ ተመታ፤ ታቦር ላይ ሰው እንደ አንበጣ ሰፈረ። ችግኞቹ ጫፋቸው መገርጣት ጀምሮ ነበር፤ ግን ከሩቅ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ጫፍ አያይም። ክረምቱ ሳያልቅ ተራራው በቀይ ጭራሮ ተሞላ፤ ፍየል እንኳ አሽትታ ታልፈው ነበር። ያኔ አጣሪ መጣ። ማን ገደላቸው? አሻጥር ነው። ማን ሠራው? መዝገቡ ላይ አንድ ስም ነበር፤ ታስሮ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ለመክሰስ ይመቻል። ዳንጊሶ እጁ ያላጠበውን ችግኝ ገደለ ተብሎ በእምነቱ ክስ ላይ ተጨመረበት።

የዳንጊሶ ልጅ ከተወለደች በኋላ እስር ቤት ልጠይቀው ሄድኩ። ሚስቱ የላከችለትን ቆጮና የእኔን ጥብስ ዓሣ ዘበኛው በእንጨት ሲበሳሳው ቆየና ለቀቀኝ። በሽቦ አጥሩ ወዲያና ወዲህ ቆምን። ከስቷል። ስለ ልጁ ጠየቀኝ፤ ከአዋሳ ሕፃናት ሁሉ ትልቋ ናት አልኩት፤ ደስ አለው። ከዚያ እንደምፈራው፣ «ችግኞቹስ?» አለኝ።

መንገዱን ሁሉ ስዘጋጅበት ነበር የመጣሁት። ለዚህ ሰው ቃል አላሳብጥም ብዬ ነበር። «ሞቱ፣ ዳንጊሶ» አልኩት። «ሥሩን አሳጠቡን። ሁሉም ሞቱ።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅስ መሰለኝ። እየሳቀ ነበር።

«ሁሉም? ጋሽ ባዬ ደግሞ!»

«ሁሉም! አንድ እንኳ አልቀረም! በእናቴ እምልልሃለሁ!»

«በእናትዎ የማይምሉበት ቀን መቼ አለ?» አለ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «እርስዎ ሁሉም ካሉ ግማሽ ናቸው። ግማሽ መልካም ነው። ታጥቦ እንኳ ግማሹ ከተረፈ ክሩ ሥሩ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።» ዓይኑ በራ፤ ወደ አጥሩ ተጠጋ። «እንግዲህ ይስሙኝ። የተረፉትን ምልክት ያድርጉባቸው። ሁለት ሦስት ክረምት ይለፋቸው። ከዚያ በኋላ ሚሲዮኑ ድረስ መሄድ የለም፤ ከእነሱ ሥር ነው የሚወስዱት። ከበቡሽን ይያዙ፣ እጇ ጥሩ ነው።»

«ዳንጊሶ…»

ዘበኛው ሰዓት አልቋል ብሎ ጮኸ። ዳንጊሶ ወደ ኋላ እየተገፋ፣ በሁለት እጁ አፈር እንደሚገልጥ ሰው እያደረገ ያሳየኝ ነበር።

«ከላይ ከላዩን እንዳይወስዱ!» አለ። «ቅጠሉን ገልጠው፣ ጠለቅ ብለው፣ እርጥቡን ነው! እሺ?»

«እሺ» አልኩት።